ሲሞቅ ድምጿ አልወርድ ያለው ዲቲ 125፦ አራት ወር የፈጀ የአንድ ኦይል ሲል ጉዳይ

ይሄን ጉዳይ የምጽፈው ተመሳሳይ ነገር የገጠማቸው ልጆች በተለያየ ጊዜ ስለጠየቁኝና ሁሌ ከመሀል ጀምሬ ስለምነግራቸው ነው፣ አንዴ ከስር ጀምሮ ቢቀመጥ ይሻላል ብዬ። ባለቤቱ ፈቅዶልኛል፣ ስም ግን የማንንም አልጠራም።

ባለቤቱና ሞተር ሳይክሏ

ባለቤቱ ደብረ ብርሃን የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር ነው፣ 28 ዓመቱ። ከዚህ በፊት የነዳው ባለ አራት ስትሮክ የህንድ ሞተር ብቻ ነበር፣ ቱ ስትሮክ (ፒስተኑ በሁለት ምት ብቻ ስራውን የሚጨርስ፣ ዘይትን ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥል ሞተር) ነክቶም አያውቅም። መስከረም ላይ ከሰፈሩ አንድ አዛውንት፣ ጡረታ ከወጡ የግብርና ባለሙያ፣ ይቺን ያማሃ ዲቲ 125 ገዛ። እንደ ፈረንጆች የ1976 ስሪት ናት። 9 ዓመት ሙሉ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጆንያ ለብሳ ቆማ ነበር። ሊብሬው በአዛውንቱ ስም ነው፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያይቶ ነው ብር የከፈለው፣ እዚህ ላይ ጎበዝ ነበር።

ለማያውቃት ሰው፣ ዲቲ 125 በአየር የምትቀዘቅዝ አንድ ሲሊንደር ናት፣ የሲሊንደሩ ስፋት 56፣ የፒስተኑ ምት 50 ሚሊ ሜትር፣ 123 ሲሲ። ይቺኛዋ ከኋላ ሁለት አሞርዛተር ያላት ናት፣ መብራቷ 6 ቮልት፣ ብልጭታዋን የምታገኘው ቮላኖው (ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ የሚዞረው ማግኔት ያለው ከባድ ብረት) ስር ካለው ፑንቲና፣ ኤሌክትሪኩን እየቆረጠ ብልጭታ ከሚፈጥረው ትንሽ መገናኛ፣ ነው። ዘይት ቤንዚን ውስጥ አትቀላቅልም፣ የራሷ የዘይት ጋንና ትንሽ ፓምፕ አላት፣ ያማሃ እንደ ፈረንጆች ከ1964 ጀምሮ አውቶሉብ እያለ የሚሰራው ማለት ነው። ፓምፑ የሚሰጠው ዘይት በሁለት ነገር ይወሰናል፣ በሞተሩ ዙር ፍጥነትና ነዳጅ መስጫው ምን ያህል እንደተከፈተ። ይሄን ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ቱ ስትሮክ ላይ ካርተሩ (ከሲሊንደሩ በታች ያለው፣ ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ ማለትም ክራንክ ሻፍቱ የሚኖርበት ቤት) ራሱ ፓምፕ መሆኑን ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ከካርቡሬተሩ አየርና ቤንዚን ወደ ካርተሩ ይሳባል፣ ሲወርድ ደግሞ ተጨምቆ ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ክራንክ ሻፍቱ ከካርተሩ በሚወጣባቸው በግራና በቀኝ ጫፎች ላይ ያሉት ሁለት የጎማ ኦይል ሲሎች አየር የማያስገቡ መሆን አለባቸው። ባለ አራት ስትሮክ ላይ እንዲህ ያለ ሲል ቢያረጅ ዘይት ያንጠባጥባል በቃ፣ ቱ ስትሮክ ላይ ግን ትርፍ አየር አስገብቶ የአየሩንና የቤንዚኑን ቅልቅል ራሱን ያበላሸዋል።

ችግሩ

ልጁ ገዝቶ ካርቡሬተሩን አጥቦ፣ አዲስ ካንዴላ (ብልጭታውን ሲሊንደሩ ውስጥ የሚያወጣው) አስገብቶ፣ አዲስ ቤንዚን ሞልቶ ሲረግጣት በስድስተኛው ተነሳች። ደስታውን መገመት ትችላላችሁ። ለአስር ደቂቃ ያህል እንደ ሰዓት ነበር የምትሰራው። ከዚያ ስትሞቅ ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይሰጣት የምትዞረው ዝቅተኛ ዙር) ራሱ ከፍ ማለት ጀመረ፣ ነዳጅ መስጫውን ሲለቀው ድምጿ አይወርድም፣ እዚያው ላይ ተንጠልጥላ ትጮሃለች፣ ካጠፋት በኋላ ሞቃት ሆና ማስነሳት ደግሞ ሌላ ጣጣ። ካንዴላውን ሲያወጣው አንዳንዴ ነጭ አንዳንዴ ጥቁር ይሆንበታል። ይሄ እርስ በርሱ የሚጣላ ምልክት ነው ሁላችንንም ያደናገረን።

መጀመሪያ የተሞከረው

ጥቅምት ላይ አንድ ሜካኒክ ጋ ወሰዳት። ሜካኒኩ ክፉ ሰው አይደለም፣ ጎበዝ ነው፣ ግን ውሎው ከባለ አራት ስትሮክ ጋር ነው። ነጭ ካንዴላ ሲያይ ቤንዚን አነሳት አለ፣ ትክክል ነው፣ ግን ለምን አነሳት የሚለውን ሳይጠይቅ ዋናውን ጄት፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበትን ልክ ያለው ቀዳዳ፣ በሽቦ አሰፋው። አሁን ዳገት ላይ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጣት ቤንዚን በዝቶባት ካንዴላው ይጠቁራል፣ ያን ለማስተካከል ደግሞ ቁጥር 8 የነበረውን ካንዴላ አውጥቶ ቁጥር 6 አስገባ፣ ኤንጂኬ ካንዴላ ላይ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጫፉ ይበልጥ ይሞቃል። የካርቡሬተሩን መቀመጫም ዙሪያውን ተራ ሲሊኮን ቀባው፣ ሲሊኮኑ በሳምንቱ ቤንዚን ጠጥቶ አብጦ ተላጠ። በዚሁ ላይ ፑንቲናውን አስተካከለ፣ ኮንደንሰር ቀየረ።

አምስት ነገር በአንድ ከሰዓት ተቀየረ ማለት ነው። ከአምስቱ ሁለቱ ጥሩ ነበሩ፣ ፑንቲናውና ኮንደንሰሩ፣ ብልጭታዋ ሰማያዊና ጠንካራ ሆነ። ግን የቱ ምን እንዳደረገ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ ያቺ የመጀመሪያዋ ንጹህ ምልክት፣ ስትሞቅ ድምጿ አለመውረዱ፣ በሌሎቹ ተሸፈነች።

ከጣርማ በር በታች የሆነው

ኅዳር ላይ ልጁ ሸዋ ሮቢት ያለች እህቱ ጋ ሊሄድ ተነሳ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ደብረ ብርሃን ራሷ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፣ ከዚያ ወደ ጣርማ በር ይወጣል፣ ዋሻውን ካለፉ በኋላ ወደ ደብረ ሲና ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከ1,300 ሜትር በታች ናችሁ። ሲወርዱ አየሩ ይወፍራል፣ ስለዚህ ደጋ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ቆላ ላይ ቤንዚን ያንሰዋል። ደጋ ላይ እንኳ አየር የምትሰርቅ ሞተር ከሆነች ደግሞ ይብስባታል።

ልጁ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ መስጫውን ዘግቶ ሞተሯ እንድትይዝለት አድርጎ ነው የወረደው፣ በለመደው በባለ አራት ስትሮኩ ይሄ ትክክለኛ አነዳድ ነው። ቱ ስትሮክ ላይ ግን ነዳጅ መስጫው ሲዘጋ የዘይት ፓምፑም በትንሹ ነው የሚሰጠው፣ ሞተሩ ግን በቁልቁለቱ ጉልበት በኃይል እየዞረ ነው። ደረቅ ፒስተን፣ ቤንዚን ያነሰው ቅልቅል፣ የሚሞቅ ካንዴላ። ደብረ ሲና ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ሞተሩ ነከሰ፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ቆመ ማለት ነው። የኋላ ጎማው ተቆልፎ ሲንሸራተት ፍሪሲዮኑን ቶሎ ያዘ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ከኋላው መኪና አልነበረም።

ደውሎ ያገኘኝ ያን ቀን ነው። «ጋሼ፣ ከቀዘቀዘች በኋላ ተነስታለች፣ ልቀጥል?» አለኝ። አትነካት፣ አይሱዙ ላይ ጫናት አልኩት።

ከፍተን ያየነው

ቴስታታውንና (የሲሊንደሩን ክዳን) ሲሊንደሩን ስናነሳ ፒስተኑ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ያለው ጎኑ በቁመቱ ተጭሯል፣ የአሉሚኒየም ቅባቱ ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ አንዱ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ቦታው ላይ ተጣብቆ በጥፍር አልንቀሳቀስ አለኝ። ፒስተኑ ጭንቅላት ላይ 0.50 የሚል ቁጥር አለ፣ ከዚህ በፊት ሬቲፊካ ገብታ፣ ሲሊንደሯ ተቀርጾ በግማሽ ሚሊ ሜትር ሰፍቶ፣ ታውቃለች ማለት ነው።

አዲስ ፒስተን አስገብቶ መግጠም ይቻል ነበር፣ ልጁም ቸኩሏል። እኔ ግን ያነከሳትን ነገር ሳናገኝ ብንገጥማት አዲሱንም ፒስተን ትበላዋለች ብዬ አሻፈረኝ አልኩ። እዚህ ላይ ነው አንድ ቀላል ጥያቄ ትዝ ያለኝ፣ መጀመሪያ ቀን መጠየቅ የነበረበት። አባባ ለምን አቆሟት?

ልጁ ጠይቋቸው አያውቅም። አብረን ሄድን፣ ቡና ተፈላ፣ እሳቸውም ትንሽ አሰብ አድርገው «ልጄ፣ ስትሞቅ እጄን ባነሳላትም እሷ መጮኋን አትተውም ነበር፣ ገበሬ መሀል ይዛኝ እንዳትገባ ፈርቼ አቆምኳት» አሉ። ከዚያ መሳቢያ ከፍተው አንድ ደብተር አወጡ፣ ዘይት የቀየሩበት፣ ጎማና ካላማዳሪ የገዙበት፣ ካቴና ያሳጠሩበት ሁሉ በቀን በቀኑ ተጽፏል፣ አንድ ገጽ ላይ ደግሞ ለደብረ ብርሃን አየር ብለው ዋናውን ጄት በአነስተኛ እንደቀየሩት። ያቺ ናት በሽቦ የሰፋችው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊትም ይኸው ምልክት ነበረ ማለት ነው። ካርቡሬተሩ በመቆም ከመቆሸሹ በፊት፣ ጄቱ ከመበሳቱ በፊት። ያን ቀን ማታ አየር የሆነ ቦታ እየገባ ነው ብዬ ወሰንኩ።

የደም ግፊት መለኪያው

አየር የሚገባበትን ለመፈለግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ሞተሩ እየሰራ የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ መጋጠሚያዎቹ ላይ መንፋት ነው፣ ድምጹ ከተቀየረ እዚያ ጋ ቀዳዳ አለ። ሜካኒኩም ይሄን አድርጎ ነበር፣ ምንም አልተቀየረም፣ ስለዚህ አየር አይገባም ብሎ ተወው። ያላሰበው የግራው ሲል ቮላኖው ጀርባ መሆኑንና የቮላኖው ሽፋን ደግሞ ተገጥሞ እንደነበር ነው። ስፕሬዩ እዚያ ሊደርስ አይችልም።

ሁነኛው መንገድ ሞተሩን ሳያስነሱ ነፍቶ ማየት ነው። ለዚህ ትንሽ ግፊት በትክክል የሚያሳይ መለኪያ ያስፈልጋል፣ የጎማ መለኪያ እዚህ ታች አያነብም። ሸዋ ሮቢት ያለችው እህቱ ነርስ ናት፣ ጨርቁ የተቀደደ የደም ግፊት መለኪያ ላከችልን፣ ሰዓቱና የእጅ መንፊያው ግን ደህና ነው። እሱ ላይ 300 ማለት 0.4 ባር ገደማ ነው፣ ለዚህ ስራ የሚፈለገው ልኩ ይሄው ነው፣ ከዚያ በላይ ብዙ መንፋት ደህናውንም ሲል ከቦታው ሊገፋው ይችላል።

ሲሊንደሩን ለፈተናው ብቻ ከአሮጌው ፒስተን ጋር መልሰን አሰርነው። የካርቡሬተሩን በር ከካላማዳሪ በተቆረጠ ጎማና በላሜራ ዘጋነው። የማርሚታውንም በር እንደዚሁ፣ ግን እዚህኛው ጎማ ላይ የካላማዳሪው ቫልቭ አብሮ እንዲኖር አድርገን ቆረጥነው፣ መንፊያውን የምናገናኘው በሱ ነው። ካንዴላው ባለበት፣ ፒስተኑ ታች ወርዶ። የቮላኖውን ሽፋን አውርደን ልጁ 300 እስኪደርስ ነፋ።

መርፌው አልቆመም። ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ ከ100 በታች ወረደ። ደህና ሞተር ስድስት ደቂቃ ያህል ብዙም ሳይወርድ መያዝ አለበት። የልብስ ሳሙና አረፋ በብሩሽ መቀባት ጀመርኩ፣ ቴስታታው ዙሪያ ምንም የለም፣ የሲሊንደሩ ጓርኒሲዮን ላይ ምንም፣ ካርተሩ መጋጠሚያ ላይ ምንም። በቮላኖው መስኮት በኩል አረፋ በቀጭን ቱቦ አስገብተን ልጁ እንደገና ሲነፋ ከውስጥ ፍስ የሚል ድምጽ ተሰማና አረፋው በክራንክ ሻፍቱ ዙሪያ እንደ ቡና ክሬማ እየተነፋ ወጣ። ልጁ መንፊያውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየ።

ቮላኖውን ለማውጣት መዶሻ የሚጠቀም ሰው አለ፣ እባካችሁ አታድርጉት፣ ክራንኩ ይጣመማል፣ ማግኔቱም ይሰነጠቃል። ቶርኖ ቤት ሄደን ማውጫ አስቀረጽን። ሲሉ ሲወጣ ከንፈሩ እንደ ፕላስቲክ ደርቋል፣ በጣቴ ሳጥፈው ተሰነጠቀ፣ ክራንኩን ሲያቅፍ የነበረው ትንሹ ስፕሪንግ ዝጎ ለሁለት ተቆርጧል። ሲቀዘቅዝ እንደምንም ይዘጋል፣ ሲሞቅ ግን ይለቃል፣ ለዚህ ነው አስር ደቂቃ እንደ ሰዓት የምትሰራው።

ጥገናው

ካርተሩን ከፍለን ሁለቱንም ሲል ቀየርን። የቀኙ ደህና ነበር፣ እሱ ቢበላሽ ኖሮ የማርሽ ቤቱን ዘይት እየሳበ ነጭ ጭስ ታጨስ ነበር፣ ግን ዕድሜው ከግራው እኩል ነው፣ ለአንድ ሲል ሁለት ጊዜ ካርተር አልከፍትም። ሲል ላይ የውስጥ ዲያሜትር፣ የውጭ ዲያሜትርና ውፍረት ተጽፎ ይገኛል፣ በሱ ቁጥር አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ኩሽኔታ ከሚሸጥበት ሱቅ ተገኘ፣ ሁለቱም ተደምረው ከ600 ብር አልበለጡም። ለቤንዚንና ለሙቀት የሚችለውን፣ ቪቶን የሚሉትን፣ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። ሲገጠም ስፕሪንጉ ያለበት ጎን ወደ ካርተሩ ውስጥ መዞር አለበት፣ ከንፈሩን ዘይት ቀብቶ፣ ሰፊ ቱቦ ተደግፎ እኩል በእኩል ማስገባት። ኩሽኔታዎቹም ላይ ከመቆም የመጣ የዝገት ነጠብጣብ ስለነበረ አብረው ተቀየሩ።

ፒስተኑን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀ፣ ባለ 0.75 ከአንድ አሮጌ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተገኘ። ሬቲፊካው ግን አስቸገረን። ቤቱ የመኪና ሲሊንደር ነው የለመደው፣ ልኩን አሳምሮ አወጣው፣ ግን የቱ ስትሮክ ሲሊንደር ግድግዳው ላይ መስኮቶች አሉት፣ ከተቀረጸ በኋላ የመስኮቶቹ ጠርዝ እንደ ምላጭ ሆኖ ቀረ። ፋሻው ሲያልፍ እዚያ ይያዝና ይሰበራል። በጣቴ ስዳስሰው ነው ያወቅኩት፣ ግማሽ ቀን ተቀምጠን በጥሩ ሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ጠርዞቹን አለሰለስን።

ጄቱ በደብተሩ ላይ በተጻፈው ቁጥር ተተካ፣ ካንዴላውም ወደ 8 ተመለሰ። የዘይት መስመሯ ውስጥ አየር ስለነበረ አስተነፈስናት፣ ለመጀመሪያው ቤንዚንም ለጥንቃቄ ትንሽ ዘይት ቀላቀልንበት። ከዚያ እንደገና ተነፋች፣ መርፌው 300 ላይ ቆመ፣ ከስድስት ደቂቃ በኋላ 290 ነበር። ጥር ላይ ተነሳች። ሃያ ደቂቃ ሠርታ ሞቃ ነዳጅ መስጫውን ሲለቀው ድምጿ ወዲያው ወረደ፣ አራት ወር ሙሉ ስንፈልገው የነበረው ይሄው ነበር።

ከዚህ ጉዳይ ለሌላ አሮጌ ሞተር የሚሆነው

ዋነኛው፣ ለረጅም ጊዜ የቆመ ሞተር ስትገዙ ሻጩን ለምን እንዳቆመው ጠይቁት፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች ከሚለው በፊት ይሄን። ሰው ደህና ሞተር ዘጠኝ ዓመት አያቆምም። ብዙ ጊዜ ሊደብቃችሁ ፈልጎ አይደለም የማይነግራችሁ፣ የጠየቀው ስለሌለ ነው።

ሞተር ሲቆም ብረቱ ብዙ ዘመን ይችላል፣ ጎማው ግን አይችልም። ሲል፣ የካርቡሬተር መቀመጫ፣ የነዳጅ ቱቦ፣ የፍሬን ጎማ፣ ካላማዳሪ። እነዚህን ሳታዩ ካርቡሬተር ማስተካከል የምትጀምሩ ከሆነ በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ነው የምትለኩት። ቱ ስትሮክ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ነፍታችሁ እዩ፣ ወጪው ከምሳ አይበልጥም። ለልጁ ሬቲፊካው፣ ፒስተኑና ጭነቱ ተደምሮ ከሲሉ ዋጋ ስንት እጥፍ እንደወጣ እሱ ያውቀዋል።

አንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ መቀየር ሲባል ሰው ይሰለቻል፣ ይገባኛል፣ በተለይ ሞተሯ አላስነሳ ብላ ስትበሽቁ። ግን ካንዴላውን ስትቀይሩ ጄቱን አትንኩ፣ ጄቱን ስትነኩ ካንዴላውን ተዉት፣ የቀየራችሁትንም ጻፉት። ጄት በሽቦ ማስፋትን በተመለከተ ምንም የሚያከራክር ነገር የለውም፣ አይደረግም፣ ቁጥሩ ከጠፋ በኋላ ማንም ሰው ምን ላይ እንዳለ አያውቅም።

አንድ ፈተና ምንም አላገኘም ማለት ደግሞ ችግሩ የለም ማለት አይደለም፣ ፈተናው የደረሰበት ቦታ ላይ የለም ማለት ነው። የኛ ስፕሬይ የቮላኖ ሽፋን ላይ ነበር የቆመው።

ቁልቁለትን በተመለከተ፣ በዘይት ፓምፕ የምትሰራ ቱ ስትሮክ ላይ ነዳጅ መስጫውን ዘግታችሁ ረጅም አትውረዱ። በየመሀሉ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ትንሽ ነዳጅ ስጧት፣ ፓምፑ ዘይት ይረጫል፣ ለመያዝ ፍሬኑን ተጠቀሙ፣ ስለዚህ ፍሬኑ ከጉዞ በፊት ጥሩ መሆን አለበት።

አሁን ያለችበት

ሚያዝያ ላይ በዚያው መንገድ ሸዋ ሮቢት ደርሳ ተመልሳለች። ደብረ ሲና ላይ ቆሞ ካንዴላውን አውጥቶ ፎቶ ላከልኝ፣ የቡና ቀለም ነው። የፊት መብራቷ በሚኒሞ ላይ እንደ ጧፍ ነው አሁንም፣ ሽቦውንና ምድሩን አጽድተን ትንሽ ነው የተሻሻለው፣ ስለዚህ ከማታው 12 ሰዓት በፊት ቤቱ ይገባል። ደብተሩን አባባ ለሱ ሰጥተውታል፣ ከሳቸው መጨረሻ ጽሁፍ ቀጥሎ በሱ እጅ የተጻፈው የመጀመሪያው መስመር የግራና የቀኝ ሲል ቁጥር ነው። መለኪያው እኔ ጋ ቀርቷል፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ገበሬ ያመጣውን የውሃ መሳቢያ ሞተር ነፋሁበት፣ እሱም ቱ ስትሮክ ነው፣ ከካርቡሬተሩ መቀመጫ በኩል አረፋ አወጣ።